ሐኪሙና ባለጉዳዮቹ
(ለጤና ፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ሐኪም የተማረው በሽታን ለይቶ ማከም ነው። የጤና ድርጅት መሪ በሆነ ጊዜ ግን ብዙ ባለጉዳዮች ደጁን ይጠብቃሉ፤ ሚኒስቴሩ፣ ገንዘብ የሰጡት፣ የወረዳው ሹም፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች። በሽተኛውም መኖሩ እንዳይረሳ! እነዚህን ማስማማት ብዙዎች እንደ ትርፍ ሥራ ይቆጥሩታል። እኔ ግን የሕክምናው ክፍል ነው እላለሁ። ማስረጃዬ በአገራችን የተካሄደው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ነው።

ዘመቻው በ1971 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በዚያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከሁሉ አስቀድሞ የገጠመው እንቅፋት ግን ከቢሮ የመጣ ነበር። የወባ ማጥፊያው ሥራ ቀድሞ የተጀመረ ስለሆነ፣ አዲሱ ዘመቻ ሠራተኛና ገንዘብ እንዳይሻማው የሚሰጉ ነበሩ። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ወባም ይገድላል። ስለዚህ የፈንጣጣው ዘመቻ በጥቂት ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞችና ከውጭ በመጡ በጎ ፈቃደኞች ሥራውን ጀመረ።

በገጠር ደግሞ ከበሽተኛ ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ቆዳ ጫር እያደረጉ የሚከትቡ ባህላዊ ከታቢዎች ነበሩ። እንዲህ የተከተበ ሰው ብዙውን ጊዜ በቀላሉ ታሞ ይድናል፤ ነገር ግን የያዘው እውነተኛ ፈንጣጣ ስለሆነ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። ታዲያ ሐኪሙ ከታቢውን በሕዝብ ፊት ቢያዋርደው መንደሩ በሩን ይዘጋበታል። ለከታቢው ሥራው እንጀራው ነው፤ ቤተሰቡም የሚያምነው እርሱን ነው። በሽታው በየትኛው ቤት እንዳለ ለማወቅም ከእርሱ የተሻለ ሰው አይገኝም።

በ1974 መንግሥት ሲለወጥ ሹማምንቱም ተለወጡ፤ ሥራው ግን አልቆመም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በ1976 ነው። ከዘመቻው መሪዎች አንዱ የነበሩት ብራዚላዊው ዶክተር ሲሮ ደ ኳድሮስ በኋላ በላቲን አሜሪካ የፖሊዮን ዘመቻ መሩ። በዚያም ዘመን በኤል ሳልቫዶር፣ ከ1985 ጀምሮ፣ መንግሥቱና ሽምቅ ተዋጊዎቹ ሕፃናት እስኪከተቡ ድረስ ለጥቂት ቀናት ተኩስ ያቆሙ ነበር። በመካከላቸው ገብታ ካስማማችው አንዷ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበረች።

እንግዲህ በየጣቢያችሁ ክትባት ከመጀመሩ በፊት ሄዳችሁ የምታነጋግሯቸውን ሰዎች ስም ጻፉ። ከእነርሱ ቢያንስ አንዱ ሥራችንን የማይወድ ሰው ይሁን፤ መጀመሪያም ወደ እርሱ ሂዱ።