ትርፍ ጊዜ፣ የማን ትርፍ?

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



የምናገረው ወጣቶች ከትምህርት ሰዓት ውጭ ወድደው ስለሚሠሯቸው ነገሮችና ከእነርሱ ስለሚያገኙት ደስታ ነው። ርእሱ ሲሰጠኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። ለመጻፍ ስቀመጥ ግን ከማንም በፊት ራሴን መክሰስ እንዳለብኝ ተረዳሁ። ስለዚህ በክሱ ልጀምር።

በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም ሰማን። በዚያን ጊዜ ሴት ልጄ የ16 ዓመት ልጅ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በየበዓሉ የተሰጣትን ገንዘብ አጠራቅማ የገዛችው አንድ ክራር ነበራት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ መክሰሷን እንኳ ሳትቀምስ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትቃኘዋለች። ውጤቱን በሰማሁ ማግስት ክራሩን ወስጄ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀመጥኩት። «ከፈተናው በኋላ ትደርሺበታለሽ» አልኳት። አልተከራከረችኝም። «ልጅቱን አዝማሪ ልታደርጋት ነው ወይ?» እያሉ ይወቅሱኝ የነበሩት እናቴም እፎይ አሉ።

እኔ የሥነ ትምህርት መምህር ነኝ። ስለ ወጣቶች ዕድገት በዚሁ አዳራሽ ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ። ፍርሃት ሲመጣ ግን ያስተማርኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። በእኔ ሒሳብ ክራሩ የሚወስደው የቀን አንድ ሰዓት ወደ ጥናት ይዛወራል። የሆነው ሌላ ነው። መጽሐፉ ተዘርግቶ ያመሻል፤ ገጹ ግን አይገለጥም። ያ ሰዓት ወደ ፊዚክስ አልተዛወረም፤ እንዲሁ ጠፋ። ከእርሱ ጋር ልጄ በራት ሰዓት ታወራው የነበረው ወሬም ጠፋ።

እስቲ ለአፍታ ስለ ቃሉ እናስብ። እንዲህ ያለውን ነገር «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» እንለዋለን። «ትርፍ» በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ከልክ ያለፈ፣ ቢቀር የማይጎዳ ማለት ነው፤ ታክሲ ትርፍ ጫነ እንደምንለው። ሁለተኛው ነጋዴ ወጪውን ቀንሶ በእጁ የሚቀርለት፣ የደከመበት ፍሬ ነው። እኛ ወላጆች የልጆቻችንን ትርፍ ጊዜ ዘወትር በመጀመሪያው ፍቺ እንሰማዋለን። ልጆቹ ግን በሁለተኛው ይኖሩታል፤ ከታዘዙበት ቀን ውስጥ ለራሳቸው የሚቀርላቸው ያ ብቻ ነውና። «ማሳለፍ»ም እንዲሁ ነው። ጊዜን ዝም ብሎ መግፋት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በድግስ ላይ እንጀራውንና ጠላውን ለእንግዳ የሚያቀርበውንም ሰው «አሳላፊ» እንለዋለን። ይህን የምለው የቃላቱን ሥር ለመመርመር አይደለም፤ የምንመርጠው ፍቺ በልጁ ቀን ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለማሳየት ነው።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ጥናት ላንሣ። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይና ሪድ ላርሰን የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በቺካጎ አካባቢ የሚኖሩ 75 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለአንድ ሳምንት የመጥሪያ መሣሪያ አስያዟቸው። መሣሪያው ባልታሰበ ሰዓት በጮኸ ቁጥር ተማሪዎቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ፣ ምን እያሰቡና ምን እየተሰማቸው እንደሆነ ይጽፉ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1984 በመጽሐፍ ታትሟል። ላርሰን ከዓመታት በኋላ የዚህን ዓይነት ጥናቶች ሲያጠቃልል እንዲህ ያለ ሥዕል አቀረበ፤ ወጣቶች በክፍል ውስጥ ሐሳባቸውን ይሰበስባሉ፣ ፍላጎታቸው ግን ዝቅተኛ ነው። ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ፍላጎታቸው ከፍ ይላል፣ ሐሳባቸው ግን አይሰበሰብም። ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙት ወድደው በገቡበትና ጥረት በሚጠይቅ ነገር ነው፤ በስፖርት፣ በሙዚቃ፣ በኪነ ጥበብና በመሳሰለው። እንግዲህ ማንም ሳያዝዘው መድከምን ወጣቱ የሚለማመደው እዚያ ነው።

ይህንን በገዛ ቤቴ አይቼዋለሁ። ክራር አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ክር ያለው መሣሪያ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉትን ቅኝቶች ለመጫወት ክሮቹን ማጥበቅ ወይም ማላላት ያስፈልጋል። ልጄ ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሻገር ስትሞክር አንዱ ክር ከመጠን በላይ ይጠብቅባታል፤ ትመልሰዋለች፤ ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ደግማ ትሞክራለች። ተሳስተሻል የሚላት መምህር በአጠገቧ የለም። ስሕተቷን የሚነግራት ጆሮዋ ነው። በመጨረሻ ድምፁ ሲገጥምላት ፊቷ ላይ የሚታየውን ብርሃን በፈተና ወረቀት ላይ ካየችው ውጤት የተነሣ አይቼባት አላውቅም።

እዚህ ላይ «ይህ የከተማ ልጅ ወግ ነው፤ ውኃ የምትቀዳው ልጅ፣ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ምን ትርፍ ጊዜ አለው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ዋሽንት በአገራችን የእረኛ መሣሪያ ሆኖ የኖረው ለምንድን ነው? እናቴ በልጅነታቸው ስንደዶ ለቅመው፣ አለላውን በቀለም ነክረው ስፌት ይሰፉ ነበር። ለቤቱ የሚያስፈልገው አንድ መሶብ ነው፤ እርሳቸው ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር ተቀምጠው ማንም ያላዘዛቸውን ሐረግ ይፈጥሩ እንደነበር ዛሬም በኩራት ያወሩታል። ትርፍ ጊዜ ያልተሰጠው ልጅ ከሥራው መካከል ሰርቆም ቢሆን ያበጀዋል። ይህ ግን ልጆችን ከሥራ ጫና ማሳረፍ ግዴታችን አይደለም ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ አስፍሯልና።

ወደ ክሴ ልመለስ፤ ሁለተኛ ክፍል አለው። ከሁለት ወር በኋላ ክራሩን ከቁም ሣጥኑ አናት አወረድኩት፤ አቧራውንም ጠርጌ ሰጠኋት። በዚህ ብቻ ባበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ጥፋቴን በአንድ ጊዜ ለመካስ ፈለግሁ። አስተማሪ ቀጠርኩላት፤ የልምምድ ሰዓት በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ተጫወችላቸው» ማለት ጀመርኩ። በአንድ የተማሪዎች ውድድርም አስመዘገብኳት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክራሩን ራሷ ወስዳ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ መለሰችው። ምን እንደሆነች ስጠይቃት፣ «አባዬ፣ አሁን እኮ የእርስዎ ሆኗል» አለችኝ።

መጀመሪያ ፈርቼ ነጠቅኳት፤ ቀጥሎ ወድጄ ነጠቅኳት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወረቀቱን ከግድግዳው አነሣሁ፤ አስተማሪውንም አመስግኜ አሰናበትኩ። ለረጅም ጊዜ ክራሩን የነካው አልነበረም። ከዚያ አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሁላችንም በየክፍላችን ሳለን፣ ከልጄ ክፍል አንድ ክር ሲቃኝ ሰማሁ። ተነሥቼ መሄድ አማረኝ። አልሄድኩም። በሕይወቴ ካደረግኋቸው የአስተማሪነት ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ያን ዕለት ከወንበሬ አለመነሣቴ ነው።

ፈተናዋስ እንዴት ሆነ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አልነግራችሁም። አለፈች ብላችሁ «እንግዲያው ክራር ይጠቅማል» ትላላችሁ፤ ወደቀች ብላችሁ «አላልንህም?» ትሉኛላችሁ። በሁለቱም መንገድ ክራሩን በፈተናው ሚዛን ልትለኩት ነው። ልጄ በእነዚያ ምሽቶች ያገኘችው ደስታ የሌላ ነገር መሰላል አልነበረም፤ ራሱ ፍሬ ነበር።

ወላጆች፣ ከእናንተ የምለምነው ብዙ አይደለም። ልጃችሁ የሚወደውን ነገር ጠይቁት፤ ሲመልስላችሁም ምክር ሳትጨምሩ አድምጡት። መምህራን፣ በክፍላችሁ ዝም የሚለው ልጅ ከክፍል ውጭ የሚናገርበት አንድ ነገር ሊኖረው እንደሚችል አትዘንጉ። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ፣ ያን ሰዓት ዋጋ እንደሌለው ቆጥራችሁ በቀላሉ ለማንም፣ ለስልካችሁም ጭምር፣ አትስጡ። ትርፉ የእናንተ ነው።