ሁለተኛ ገንዳ የጠየቅንበት ምክንያት

ውድ እህቶች፣ የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣

ለሽያጭ የምናረባቸውን የጌጥ ዓሦችና ሽሪምፖች አይታችሁ፣ «በአንድ ገንዳ ይኖሩ የለም ወይ? ሁለተኛው ለምን አስፈለገ?» ብላችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚወጣው የሁላችን ገንዘብ ነውና።

ቀዩ ቼሪ ሽሪምፕ ርዝመቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከጉፒ ዓሣ ጋር ይኖራል፤ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ ለሁለቱም ይስማማቸዋል። ሽሪምፑ የዓሦቹን ትርፍራፊ ምግብና አልጌ ይለቃቅማል። ጉፒም ያደገውን ሽሪምፕ ብዙ ጊዜ አይነካውም።

ችግሩ ልጆቹ ላይ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን ሆዷ ሥር ይዛ 3 ወይም 4 ሳምንት ትቆያለች። የሚፈለፈሉት በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ጉፒ ይበላቸዋል። መደበቂያ ተክል ብናበዛላቸው ጥቂቶቹ ይተርፋሉ፤ ለገበያ ግን ጥቂት አይበቃም።

ሌላም አለ። ለዓሣ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መዳብ አለባቸው፤ መዳብ ደግሞ ሽሪምፕን ይገድላል። ዓሣው ሲታመም ሽሪምፑ አብሮ እንዳያልቅብን ያሰጋናል።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ገንዳና የስፖንጅ ማጣሪያ እንድትፈቅዱልን እንጠይቃለን። ስፖንጁ ትንንሾቹን ስቦ አያስገባቸውም። እርባታው እዚያ ይሆናል፤ ካደጉት ጥቂቶቹን ገዢ እንዲያያቸው ወደ ዓሦቹ ገንዳ እናዛውራለን። ለምትገዛን እህትም እውነቱን እንነግራታለን፦ ሽሪምፕና ጉፒ አብረው ይኖራሉ፤ ማርባት ከፈለገች ግን ለየብቻ ታድርጋቸው።