ስለ ስም መዝገብና ስለ ሀሽ ቍጥር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



 የምንናገረው ለበዓሉ የቀድሞ ተማሪዎችን መዝገብ በኮምፒዩተር ስናዘጋጅ ስላገኘነው ትምህርት ነው።

አቃቂ በባቡር ሐዲድና በፋብሪካ ምክንያት ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርባት ስፍራ ናት። የልጆቹም ስም በየጊዜው በልዩ ልዩ ጸሐፊ እጅ ተጽፎአል። አንዱ «ኀይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብሎ ይጽፋል። ሰው ሲያነበው አንድ ነው። ነገር ግን ፊደላችን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 በገባበት በዩኒኮድ ሠንጠረዥ «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሦስት ሰዎች አድርጎ ይቈጥራቸዋል።

ኮምፒዩተር ከብዙ ሺህ ስም መካከል አንዱን ሲፈልግ መዝገቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያገላብጥም። ከስሙ ፊደሎች አንድ ቍጥር ያሰላል፤ ይህም ሀሽ ይባላል። ቍጥሩ ስሙ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚቀመጥ ያመለክታል። የዚህ አሠራር ዋና ሕግ እኩል ናቸው ያልናቸው ሁለት ነገሮች ሀሻቸውም እኩል ይሁን የሚል ነው። ኀይሉና ሀይሉ አንድ ናቸው ብለን ሀሹን ግን እንደ ተጻፈው ብናሰላ በተለያየ መደርደሪያ ይቀመጣሉ፤ ሲፈለጉም አይገኙም። ስለዚህ ሞክሼ ፊደሎችን አስቀድመን ወደ አንድ መልሰን፣ ሀሹንም እኩልነቱንም ከዚያ አወጣን። የሚታተመው ግን ባለቤቱ እንደ ጻፈው ነው።

መዝገቡ ደግሞ ሣጥን በሣጥን ውስጥ እንደ ተቀመጠ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ዓመቶች፣ በዓመቱ ውስጥ ክፍሎች፣ በክፍሉ ውስጥ ተማሪዎች፣ በእያንዳንዱም ተማሪ ሥር ስሙ፣ የአባቱና የአያቱ ስም አሉ። ሁለት መዝገቦች እኩል መሆናቸውን ለማወቅ እስከ መጨረሻው ሣጥን መውረድ ያሻል። የውጭው ሀሽም ከውስጦቹ ሀሾች ይሰላል። በየደረጃው ግን ተራው ዋጋ እንዳለው መጠየቅ ይገባል። ኀይሉ ዓለሙና ዓለሙ ኀይሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በስም ውስጥ ተራ ይቈጠራል። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ግን በፊደል ተራም በውጤትም ቢጻፉ ክፍሉ ያው ነው። ጃቫ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለተራ ዝርዝር ከ1 ተነሥቶ ያለውን ቍጥር በ31 እያባዛ የሚቀጥለውን ሀሽ ይደምርበታል። የውስጦቹ ሀሽ 5 እና 2 ቢሆን 1118፣ ተራው ቢገለበጥ 1028 ይወጣል። ተራ ለሌለው ስብስብ ግን ይደምራል ብቻ፤ በሁለቱም መንገድ 7 ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ካርዱ ከተቀመጠ በኋላ ስሙ ቢታረም ሀሹ ይለወጣል፤ ካርዱ ግን በቀድሞው መደርደሪያ ይቀራል። አውጥቶ፣ አርሞ፣ እንደገና ማስቀመጥ ይገባል። ስለዚህም ፓይተን የተባለው ቋንቋ ሊለወጥ የሚችል ዝርዝርን ለመፈለጊያ ቍልፍነት አይቀበልም። የማይለወጠውንም ቢሆን በውስጡ የሚለወጥ ዝርዝር ከተገኘበት ይመልሰዋል።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረን ግን የገዛ ስሕተታችን ነው። በመጀመሪያ ሀሻቸው እኩል የሆኑትን ሁሉ አንድ ሰው ናቸው ብለን ነበር። ሕጉ ግን አይገለበጥም፤ ሁለት ልዩ ልዩ ስሞች አንድ ሀሽ ሊደርሳቸው ይችላል። ይህን አርመን ስሞቹን ራሳቸውን አስተያየን፤ ነገር ግን ስምንና የአባት ስምን ብቻ ነበር። ዝርዝሩን በለጠፍን ጊዜ አንድ ሽማግሌ፣ የቀድሞ ተማሪ፣ ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ «ልጆቼ፣ ይህ በአያቱ ስም የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ እኔስ የት አለሁ?» አሉን። በስምና በአባት ስም ሞክሼ የሆኑትን ሁለት ጓደኛሞች አንድ አድርገን፣ አንዱን ከመዝገቡ ፍቀናቸው ኖሮአል። እጅግ አፈርን። የአያትንም ስም ጨምረን መዝገቡን ከመጀመሪያው ሠራነው፤ የሚያጠራጥረውንም ሰው ጠይቀን ጻፍን።

ኮምፒዩተሩ ያዘዝነውን ፈጽሞአል። ማን ከማን ጋር አንድ እንደ ሆነ የመፍረዱ ኀላፊነት ግን የእኛ ነበር። እንግዲህ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ሆይ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ዝርዝሩን ተመልክታችሁ የጐደለውን እንድትነግሩን በትሕትና እንለምናለን።