ፒያሳ ስትታደስ ማን ይመለስባታል?

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ፒያሳ ያለንን አሳብ ለመግለጽ ነው። ከስድስት ኪሎ በእግሩ ወርዶ ፒያሳ ማኪያቶ ያልጠጣ ተማሪ በመካከላችን የሚገኝ አይመስለንምና ነገሩ ለማንኛችንም ሩቅ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች የድሮዋን ፒያሳ ሲያነሡ አንዳች ያልጐደለባት ገነት ያስመስሏታል። እኛ እንዲህ አንልም። የአራዳ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ተዛውሮባታል። ከነጻነት በኋላ ወርቅ ቤቱ፣ ኬክ ቤቱ፣ ሲኒማ አምፒርና ሲኒማ ኢትዮጵያ የከተማው ሁሉ መገናኛ አደረጓት። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የትርፍ ቤቶች አዋጅ ሲወጣ ግን አነስተኛ ኪራይ የነበራቸው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩም ቀነሰ። ይህም ለድኻው ትልቅ እፎይታ ነበር። ዳሩ ግን ቀበሌው በሚሰበስባት ጥቂት ገንዘብ ጣሪያ ሊያሳድስ አልቻለም፤ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ወጪ ማድረግን ፈራ። እንዲህ እየሆነ ከ40 ዓመት በላይ አለፈ፤ ቆርቆሮው ዛገ፤ ብዙ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ቤት ተሰለፈ።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩ መንደሮች በኮሪደር ልማቱ ፈረሱ። መንገዱ ሰፋ፤ የእግረኛው መሄጃ አማረ፤ የማታው መብራትም ደመቀ። ይህን አለማመስገን ንፉግነት ነው።

ነገር ግን የአንዱ ጓደኛችን እናት እዚያው መንደር ውስጥ እንጀራ እየጋገሩ በአቅራቢያው ላሉ ምግብ ቤቶች ያስረክቡ ነበር። ልጃቸው ከትምህርት በፊት ተሸክሞ አድርሶ ይመለሳል፤ ለታክሲ የሚወጣ ሳንቲም የለም፤ ጐደለ ቢባል ወዲያው ሌላ 20 እንጀራ ይጨመራል። ምግብ ቤቱ ለወርቅ ሠሪው ምሳ በዱቤ ያበላል፤ ወርቅ ሠሪውም ቀለበት ልታስለካ የመጣችውን ሙሽራ ከነዘመዶቿ ወደ ጐረቤቱ ኬክ ቤት ይልካል። (ቀለበት ሲመረጥ አብሮ የሄደ ሰው ሻይ ለምን እንደሚያስፈልግ ያውቃል!) ዛሬ እኒያ እናት በከተማው ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራሉ። መጸዳጃው የራሳቸው ነው፤ ውኃው ከቤት አይወጣም፤ በዚህም ደስ ይላቸዋል። ምጣዱ ግን ቆሟል፤ እንጀራውን በሁለት ታክሲ ፒያሳ ቢያደርሱት ትርፉን መጓጓዣው ይበላዋል።

እንግዲህ የፒያሳ ንግድ ይህ ሰንሰለት ነበር፤ አሁን ሲታደስ ያልተቈጠረውም እሱ ነው። ስለዚህ በሚሠሩት ሕንፃዎች ውስጥ ከመንገዱ ጋር የተያያዘው ወለል ለትንንሽ ሱቆች ይከፈል፤ በመንደሩ ሲሠራ ለኖረ ሰው ቅድሚያ ይሰጠው፤ ኪራዩም እሱ የሚችለው ይሁን እንላለን። ከኪራዩ ላይ ለጥገና የሚቀመጠው ድርሻ ግን ከመጀመሪያው በውል ይጻፍ፤ የ1967ቱ ቆርቆሮ እንዳይደገም። ሰዓት አዳሽ እኮ የሚበቃው 3 ካሬ ሜትር ነው።

የቦታው ዋጋ ይህን አይፈቅድም የሚሉን የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች አሉ። ባንክ ብዙ ኪራይ ይከፍላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ባንኩ ሲመሽ ይዘጋል፤ ከሲኒማ የወጣው ሰው የት ገብቶ ሻይ ይጠጣ? ያ ሁሉ መብራትስ ለማን ይበራል? የኢኮኖሚክስ መምህራኖቻችን ስሌቱን በሚቀጥለው ስብሰባ ሠርተው ቢያሳዩን፣ እኛም እኒያን እናት ጋብዘን የራሳቸውን ሒሳብ እንዲያስረዱ እናደርጋለን።