መዝገቡና የደሙ ጠብታ
(በሐይቅ ከተማ፣ ከሐይቅና ከአምባሰል ለተሰበሰቡ ምእመናንና የፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ወባ የቆላ በሽታ ነው ሲባል ሰምተን ያደግን ብዙዎች ነን። ነገር ግን በ1950 ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መባቻ ወባ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወጥታ፣ በኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመችና 150,000 ያህል እንደ ገደለች ይገመታል። እኛ ወይና ደጋ ነን ብለን መተኛት አይገባንም።

ዛሬ የምነግራችሁ ግን የድሬዳዋን ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. በአምስት ወር 205 የነበረው የወባ ሕመምተኛ በ2014 ዓ.ም. በእነዚያው ወራት 2,425 ደረሰ። ያውም በበጋ! የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ሁለት ሥራ አጣመሩ። 101 ሕመምተኞችንና ወባ ያልተገኘባቸውን 189 ሰዎች ይዘው ቤታቸው ድረስ ሄዱ፤ ቤተሰብና ጎረቤት መረመሩ፤ በግቢው የተጠራቀመውን ውኃ አዩ። ከደሙም የወባውን ተሕዋስ ጂን አነበቡ። የቤት ለቤቱ ሥራ ወደ አንዲት ትንኝ አመለከተ፤ ከእስያ የመጣች፣ በበርሜልና በሮቶ ውኃ የምትራባ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ናት። ጂኑ ደግሞ ዓይን የማያየውን ገለጠ፤ ከተሕዋሱ መካከል መድኃኒትን የመላመድ ምልክት ያለበት፣ ፈጣን ምርመራው የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂንም የጎደለው ተገኘ።

ይህን ልብ በሉ። ልጁ በትኩሳት ይቃጠላል፤ ምርመራው «የለበትም» ይላል፤ እናት ልጇን አዝላ ትመለሳለች። ወባው ግን አለ።

ድሬዳዋ ሩቅ ነው የሚል ይኖራል። ትንኟ በባቲም ተገኝታለች፤ ከባቲ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ወደ ሐይቅና ወደ ውጫሌ መኪና ይመላለሳል። ለቀን ሥራ ቆላ የሚወርዱ ልጆቻችንም አሉ።

በየጤና ኬላው ስዞር፣ ሕመምተኛው በዚያ ወር የት እንደ ከረመ በመዝገቡ ሳይጻፍ አያለሁ። አልወቅስም፤ ሰልፉ ረጅም ነው። ነገር ግን ቀኑ፣ ቀበሌውና የከረመበት አገር ያልተጻፈለት የደም ጠብታ ጂኑ ቢነበብም የበሽታውን መንገድ አያሳይም። መዝገቡም ብቻውን ስንት ሰው እንደ ታመመ እንጂ ምርመራው ለምን እንደ ሳተ አይነግረንም።

ስለዚህ ሠራተኞች ሆይ፣ ያቺን አንዲት ጥያቄ ጠይቃችሁ ጻፉ። ፈጣን ምርመራው ነጻ ነው ያለው ሰው ትኩሳቱ ካልለቀቀው ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ምእመናንም የውኃ በርሜላችሁን ክደኑ። እኛ ያደልነውም ክዳኑ ከጠፋ ንገሩን፤ እንተካለን።