ፔዳሉ የማያርፍ ብስክሌት፦ አነሳሱና አቋቋሙ

(በካኩማ ካምፕ ለወጣቶችና ለወላጆች ከተደረገ ንግግር)



በቅርቡ አንድ ተማሪዬ በብስክሌት ቁልቁል ሲወርድ መቆም አቅቶት ውኃ የሚቀዳው ሰልፍ ውስጥ ገባ። ጀሪካኖቹ ተበታተኑ እንጂ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ብስክሌቱን ሳየው የኋላው ጥርስ ተበላሽቶ በብየዳ ተይዟል፤ ፍሬንም የለውም። ዛሬ ለመናገር የተነሳሁት ስለዚህ ነው።

እንዲህ ያለው ብስክሌት ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም አብሮ ይዞራል። በመም ላይ ለሚደረግ ውድድር የሚሠሩት ብስክሌቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ፍሬን የላቸውም። እዚያ ግን ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ሕፃንም ፍየልም መንገድ አያቋርጥም።

ስትነሱ፦ እንደ ተራው ብስክሌት አንድ እግር ፔዳል ላይ አድርጎ በሌላው መሬት እየገፉ መውጣት አይሆንም፤ ፔዳሉ እግርን ይዞ ይዞራል። የኋላውን ጎማ ብድግ አድርጉና የምትረግጡትን ፔዳል ወደ ፊት አዙራችሁ ከሌላው ትንሽ ከፍ አድርጉት። ከዚያ ረግጣችሁ ተነሱ።

ስታቆሙ፦ ከሩቁ ጀምሩ። ፔዳሉ ከኋላ በኩል ወደ ላይ ሊመጣ ሲል በእግራችሁ ወደ ታች ተጫኑት፤ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከፔዳሉ አታንሱ፤ መልሶ ለመርገጥ ያስቸግራል፤ ቁርጭምጭሚትም ይመታል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር የተያያዘው እንደ ጠርሙስ ክዳን በመጠምዘዝ ነው። ወደ ፊት ስትነዱ ይጠብቃል፤ ለማቆም ስትጫኑት ግን ሊፈታ ይችላል። ለውድድር በተሠራው ላይ ይህን የሚከላከል፣ በተቃራኒው የሚጠብቅ ቀለበት አለ፤ በተበየደው ላይ የለም። እንግዲህ የሚከዳችሁ ለማቆም በምትታገሉበት ሰዓት ነው። ካቴናው ቢወልቅም ያው ነው።

ስለዚህ የፊት ፍሬን ሳይኖረው አትንዱ። ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ አጥብቆ የሚያቆመው የፊቱ ፍሬን ነው። አሸዋና መታጠፊያ ላይ ግን ቀስ ብላችሁ ያዙት፤ አለዚያ የፊቱ ጎማ ይንሸራተታል። ነጠላችሁንና ሰፊ ሱሪያችሁን ሰብስቡ። ካቴናው እየዞረ በጨርቅ አትጥረጉት፤ ጣት ይቆርጣል።

ያ ልጅ ፍሬን እስኪያገኝ ብስክሌቱን አቁሞታል። በየቤታችሁ የተሰበረ ብስክሌት ያላችሁ ፍሬኑን ፈታችሁ ለልጆቹ ብትሰጡ ትልቅ እርዳታ ነው።