የንጉሥ ኤዮሃይድ መንገድ



የጥንት ነገሥታት ተረት ለመሐንዲስ ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ በመካከላችሁ እንደሚነሣ አልጠራጠርም። እኔ ዛሬ የማነሣው የአየርላንድን ነው።

በ1100 እ.ኤ.አ. ገደማ በተጻፈው፣ «የዳልቻዋ ላም መጽሐፍ» በሚባለው ብራና ውስጥ ስለ ኤታይን መታጨት የሚናገር ትረካ አለ። እንደ ትረካው፣ በኮረብታ ሥር የሚኖሩት ሥውራን አለቃ ሚዲር በሰንጠረዥ ጨዋታ ለንጉሥ ኤዮሃይድ ተሸነፈና፣ ማንም ባልረገጠው ረግረግ ላይ መንገድ እንዲሠራ ተፈረደበት። ሠራተኞቹም የዱር ግንድ ከነሥሩ ከታች አነጠፉ፤ በላዩም አፈር፣ ጠጠርና ድንጋይ ደለደሉ። እስከዚያች ሌሊት የአገሩ ሰዎች በሬን የሚያስጎትቱት በግንባሩ ነበር፤ ሥውራኑ ግን ቀንበሩን በጫንቃው ላይ ሲጭኑ ታዩ። ንጉሡ ይህንኑ ስለ ተከተለ «አይረም»፣ ማለትም አራሹ፣ ተባለ። ንጉሥ በጦር ድል ሳይሆን በቀንበር ስም ሲወጣለት፣ እኔን ደስ ይለኛል።

በ1984 እ.ኤ.አ. በሎንግፎርድ አውራጃ፣ ኮርሊ በተባለ ስፍራ፣ ለነዳጅ የሚሆነው የረግረግ አፈር ሲቆረጥ የእንጨት መንገድ ብቅ አለ። የአርኪዮሎጂ ሊቁ ባሪ ራፍተሪ ቆፍረው እንዳሳዩት፣ ርዝመታቸው 3 ሜትር ያህል የሆነ የኦክ ሳንቃዎች ትይዩ በተዘረጉ ግንዶች ላይ ተጋድመዋል፤ መንገዱም 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የእንጨቱ ዓመታዊ ቀለበት ሲቆጠር ዛፎቹ የተቆረጡት በ148 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የሚዲር መኖሪያ የሚባለው ኮረብታም በዚያው አውራጃ ነው።

ታዲያ ንጉሡ ተገኘ ማለት ነውን? አይመስለኝም። በ1636 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው የአራቱ ሊቃውንት ዜና መዋዕል የኤዮሃይድን ዘመን ከ131 እስከ 116 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ያደርገዋል፤ የዚያው መቶ ዘመን ጸሐፊ ጄፍሪ ኪቲንግ ግን ወደ 82 እስከ 70 ያወርደዋል። የነገሥታቱ ሐረግ ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ጋር እንዲስማማ ሆኖ የተደረደረ ነውና፣ በዓመቱ ላይ ሙግት መግጠም ትርፍ የለውም። በለስላሳ መሬት ላይ አስቀድሞ ግንድ ማንጠፍ ግን ረግረግ ላይ የሠራ እጅ እንጂ የባለቅኔ ምናብ የሚያመነጨው ነገር አይደለም። ዓመቱን ስንጥል ይህንንም አብረን ከጣልን፣ ጉዳቱ በሙያችን ላይ ነው።

ትረካው እንደሚለው፣ የንጉሡ መጋቢ ሥራውን ተደብቆ ስላየ መንገዱ ጉድለት ቀረበት። የኮርሊው መንገድም፣ እንደ አጥኚዎቹ ግምት፣ 10 ዓመት እንኳ ሳያገለግል ወደ ረግረጉ ሰጥሟል፤ የኦክ ሳንቃ ለእንዲህ ያለው መሬት እጅግ ከባድ ነውና።